አፎቻው የመሰከረለት ልብስ ሰፊ

1980 ዓ.ም. ነበር፤ እኔ አርባ ሦስት ዓመቴ። በምድር ባቡር ጋራዥ የፉርጎ ወንበር እጠግን ነበር። ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ስለዚህ ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። ዛሬ ሰፈር ውስጥ የዚያን ዘመን ነገር ሳነሳ፣ «ተወው አቦ፣ አለፈ» ይሉኛል። ለማን ነው ያለፈው? እኔ እንደሆነ እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል ሐርጌሳ ላይ ጦርነት ተነሣ። መንግሥታቸው የገዛ ከተማውን በአውሮፕላን ደበደበ። ሕዝቡ በእግርም በመኪናም ወደ እኛ ጎረፈ። አብዛኛው ከጅጅጋ ወዲያ በረሃ ላይ በጨርቅና በፕላስቲክ ጎጆ ሰፈረ፤ ጥቂቱ ዘመድ አለኝ እያለ ድሬ ገባ። ከእነዚህ አንዱ ልብስ ሰፊ ነበር። ዕድሜው ሃያ ሁለት ቢሆን ነው። እናቱን ይዞ መጣ። ታላቅ ወንድሙን ወታደሮች ከቤት አስወጥተው ደጃፉ ላይ ገድለውታል፤ እሱንም ስሙን ጠርተው ፈልገውት ነበር። በረሃው ሰፈር ያልቆየው እናቱ ደም ተቅማጥ ይዟት ስለነበር ነው። እዚያ ውሃ የሚመጣው በቦቴ ነው፤ እሱም በመጣ ቀን።

የእኛ ሰፈር ጨርቅ ነጋዴ፣ ሐጂ እያልን የምንጠራው ሽማግሌ፣ ከጓሮው አንድ ክፍል ሰጣቸው። ሱቁ በረንዳ ላይ የስፌት መኪና አስቀመጠለት። ደግሞ ወዲያው አፎቻ አስገባቸው። አፎቻ የሙስሊም ጎረቤቶቻችን እድር ነው፤ ሲሞቱ ይቀብራል፣ ሲታመሙ ይጠይቃል፣ ሲጣሉ ያስታርቃል። ሐጂ ዳኛው ነበር። አፎቻ የገባ ሰው ክፉ ቀን ሲመጣበት አባላቱ ከጎኑ ይቆማሉ፤ ከየት መጣህ፣ የማን ዘር ነህ የሚባል ነገር የለም። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ የራሴ እድር አለኝ፤ ግን የድንኳናቸው ምሰሶ ሲሰበር የምጠግነው እኔ ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ ጫት ሲቅሙም በርጫቸው ላይ እቀመጥ ነበር።

ልጁ አዴር ይለኝ ነበር፤ አጎቴ እንደማለት ነው በሶማሊኛ። አንድ ቀን ሱሪዬን እንዲጠቅምልኝ ሰጠሁት። ወደ ብርሃን አንስቶ አገላበጠውና፣ «አዴር፣ ይሄ ሱሪ ከባቡሩ በፊት ነው የመጣው» አለኝ በሶማሊኛ። ጠቀመልኝ፤ ዋጋውንም አልቀበል አለ።

ሰኔ ማለቂያ ላይ አንድ ሰኞ ጠዋት የቀበሌ ጥበቃዎች መጥተው ከበረንዳው ወሰዱት። የጀመረው ሸሚዝ ከመርፌው ሥር እንዳለ ቀረ። ሐጂ ተከትሎ ሄዶ ጠየቀ። ሊቀመንበሩ፣ «መታወቂያ የለውም፣ ሰርጎ ገብ ነው። ወደ ድንበር ተወስዶ ለአገሩ ሰዎች ይሰጣል» አለው። ያን ሰሞን ሁለቱ መንግሥታት ታርቀናል ብለው ነበር። ታላቅ ወንድሙን ለገደሉት፣ እሱንም በስሙ ለሚፈልጉት ሰዎች ነው የሚሰጡት። እናትየው ይህን ስትሰማ ጓሮው መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ሰው ቢያነሳትም አልነሳ አለች።

ከሰዓት በኋላ ሐጂ ዘንድ ተሰበሰብን። ሐጂ፣ ሁለት የአፎቻ ሽማግሌዎችና እኔ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፣ ሌላው ቅመም ነጋዴ።

«ነገ ገብተን እንመሰክራለን» አለ ሐጂ። «እዚሁ አጠገባችን ጀልዴሳ ተወለደ፣ አባቱን እናውቀው ነበር፣ ግመል ነበረው እንላለን። አለቀ።»

«ጀልዴሳን አይቷት ያውቃል?» አልኩ።

«ይፈታና ያያታል» አለ ሾፌሩ። ሳቁ።

«እኔ አልመሰክርም።»

«ለምን?»

«አልተወለደማ።»

«ወሪያ፣ አንተ» አለኝ ሾፌሩ፣ «ሰው ሊታረድ ነው፣ አንተ የት ተወለደ ትላለህ?»

«ሊታረድ መሆኑን ንገሯቸዋ። ከየት እንደሸሸ፣ ማን እንደገደለበት ንገሯቸው። ውሸት ምን ያደርግለታል?»

«እውነት የሚነገረው ለሰው ነው። ቀበሌ ያለው ሰው ነው እንዴ?» አለ ቅመም ነጋዴው።

ሐጂ ጫቱን አስቀምጦ አየኝ። «አፎቻ ያስገባነውን አሳልፈን አንሰጥም። አባቴም ያደረገው ይህንኑ ነው። አንተ እንጨት ስትጠግን ኖረህ እንጨት ሆንክ።»

ተነሥቼ ወጣሁ። ስወጣ እናትየው በሩ ላይ ነበረች። «እዶ፣ እንዴት ነሽ» አልኳት፤ እሷን አክስቴ ብዬ ነበር የምጠራት። ፊቷን አዞረችብኝ። እምቢ ማለቴን ከድምፄ አውቃዋለች ማለት ነው።

በማግስቱ ማክሰኞ ሦስቱ ሄደው መሰከሩ። ሊቀመንበሩ እንደ ሙሽራ አባት ነው የተቀበላቸው፤ ወንበር አስመጣ፣ ሻይ አዘዘ። ቃላቸውን አስጻፈና አስፈረመ። ሐጂ ሲመለስ በጋራዡ በር በኩል አልፎ አስጠራኝ። «አየህ? ኢንሻአላህ ማታ ቤቱ ነው» አለኝ። እኔም እውነት ለመናገር ደስ አለኝ። ተሳስቼ ከሆነ እሰየው ብያለሁ።

ከሥራ ስመለስ ሰፈሩ ተረብሿል። እናትየው ምሳ ወስዳ ጥበቃው ሳህኑን ሳይከፍት መልሶላታል። ልጁ ከሰርጎ ገቦቹ ክፍል ወጥቶ ከዘማቾቹ ክፍል ገብቷል። ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና የተጣለበት ኮታ ነበረ፤ አልሞላለትም። ሰው ጣራ ላይ ወጥቶ የሚደበቅበት ጊዜ ነው። እዚህ ግን ሦስት የተከበሩ ሽማግሌዎች በገዛ እግራቸው ሄደው፣ ኢትዮጵያዊ ነው፣ ጀልዴሳ ተወለደ፣ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው ብለው ፈረሙለት። ሻዩ ለዚህ ነበር።

ሐጂ በሸበጥ ሮጦ ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት።

«ሐጂ» አለ ሊቀመንበሩ፣ «እናንተ አይደላችሁም የመሰከራችሁት? የአገር ልጅ ከሆነ የአገር ግዴታ አለበት። ሐሙስ ጠዋት መኪና ይመጣል።»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እናቱ በሽተኛ ናት። ሌላ ልጅ የላትም።»

«እናቱን አልጠራናትም።»

አጠገቡ የተቀመጡት ሁለቱ ሳቁ። ያን ሳቅ አልረሳውም። አንዱ መንግሥት በአውሮፕላን ያሳደደውን ልጅ ሌላው መንግሥት ጠመንጃ አሸክሞ ወደ ሰሜን ሊነዳው ነው፤ ይህ ያስቃል? ለየትኛው አገሩ ነው የሚሞተው? አማርኛው እንኳ ገና ከአፉ አልተፈታም ነበር።

ከዚራ በሚባለው ሰፈር ዛፎቹ ሥር ታይፕ ይዞ የሚቀመጥ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበር። ድሮ ፍርድ ቤት ውስጥ ይሠራ ነበር ይባላል፣ በምን እንደወጣ አላውቅም። ለባለጉዳይ ሁሉ በዋጋ ይጽፋል፤ ለስደተኛ ግን በነፃ እንደሚጽፍ ጋራዥ ውስጥ ሰምቼ ነበር። ረቡዕ ጠዋት ከአለቃዬ ፈቃድ ለምኜ ሄድኩ። መናገር ስጀምር አቋረጠኝ።

«የሆነውን ንገረኝ። የተናደድከውን በኋላ።»

ነገርኩት።

«የመሰከረው ማነው?»

«ሐጂና ሁለት የአፎቻ ሽማግሌዎች።»

«እንግዲያው ያዘመተው ቀበሌው አይደለም» አለ። «ሐጂ ነው።»

ሐጂን ሰው ሲናገርብኝ አልወድም፣ ብንጣላም። «ሊያድነው ብሎ ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ። አሁን ስማኝ። ሰውዬው ስደተኛ ከሆነ ወታደር ሊያደርጉት አይችሉም። ለሸሸው መንግሥት መልሰው ሊሰጡትም አይችሉም፤ ይህን ይኸው የእኛ መንግሥት ከሌሎች አገሮች ጋር የተፈራረመው ነው። ስደተኛ ካልሆነ ግን እኔ የምጽፍለት አንድ መስመር የለኝም። ሽማግሌዎቹ ከስደተኝነቱ አውጥተውታል። መልሰው የሚያስገቡትም እነሱ ናቸው።»

«ቃላቸውን ይሻሩ?»

«በፊርማ።»

«ይታሰራሉ።»

«ሊታሰሩ ይችላሉ። አልዋሽህም። አንተስ መስክረሃል?»

«አልመሰከርኩም።»

«ጥሩ። ልጁ ሲመጣ ያየኸውን አንተ ትፈርማለህ። ሽማግሌዎቹን ሳይመሽ አምጣ፤ ነገ መኪናው ከሄደ በኋላ ወረቀቱ መጠቅለያ ነው።»

«ዋጋው…»

«ሽማግሌዎቹን አምጣ አልኩህ።»

ሐጂን በረንዳው ላይ አገኘሁት፤ ሱቁን አልከፈተም። የተባልኩትን ነገርኩት።

«እኔ ዳኛ ነኝ» አለ። «ቃሌን ካጠፍኩ ነገ ሰው ሲጣላ ማን እኔ ፊት ይቆማል?»

«ለማን ብለህ ነው የመሰከርከው?»

«ለእሱ።»

«እንግዲያው ለእሱ ብለህ ተመለስ። ዳኝነቱን ሌላ ሰው ይያዘው።»

«አንተ ሰው አፍህ ሐራም ነው ወላሂ» አለኝ። እናትየው ከጓሮ መጣች። አማርኛ አትሰማም፣ ግን ገብቷታል። የሐጂን ጫማ ከበሩ ሥር አንስታ አቧራውን በሻሿ ጠርጋ እግሩ ፊት አስቀመጠችለት። ሐጂ ጫማውን ትንሽ አየና አደረገው።

ሾፌሩን ስንፈልገው ጠዋት ጭነት ይዞ ወደ ዋሂል ወጥቷል ተባለ። ዋሂል የሚያስቸኩል ጭነት ኖሮ አያውቅም። ቅመም ነጋዴው ታምሜያለሁ ብሎ አንሶላ ተከናንቦ ተኝቷል፤ ጉንጩ ውስጥ ያለው ጫት ግን አልተኛም ነበር። ሐጂ እጄን ይዞ አወጣኝ።

ጸሐፊው ሐጂን ሲያይ ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀለት። የደጋ ሰው ነው፣ አንቱ ይላል፤ እኛ ድሬዎች ያ አልፈጠረብንም።

«ሐጂ፣ ይህ ሲፈረም ጥፋትዎን በራስዎ እጅ እየሰጡ ነው። ገብቶዎታል?»

«ጻፍ አቦ።»

«የመሰከርኩት በስህተት ነው ብዬ ልጻፍልዎ?»

«በስህተት አይደለም» አለ ሐጂ። «አውቄ ነው። ለቀብሩም ለችግሩም የማልንለት ሰው ነው ብለህ ጻፍ። አፎቻ ነው ብለህ ጻፍ። ገንዘብ የበላሁ እንዳይመስላቸው።»

ጸሐፊው ከመነጽሩ በላይ አየው፤ ከዚያ እንዳለው መታው። ካርቦን አድርጎ ለከተማው አስተዳደር፣ ለስደተኞች ጉዳይ ቢሮ፣ ለቀበሌው አባዛው። አናቱ ላይ «አስቸኳይ» ብሎ በቀይ አሰመረበት። ሐጂ በዐረብ ፊደል ፈረመ። እኔ ስሜን አንድ በአንድ ጻፍኩ፤ ጸሐፊው አልቸኮለብኝም።

አስተዳደሩ ቢሮ ስንደርስ አንዲት የቢሮ ጸሐፊ ወረቀቱን ሳታነብ፣ «ነገ ተመለሱ» አለች።

«ነገ ጠዋት ልጁን ይወስዱታል» አልኳት።

«እንግዲያው ከነገ ወዲያ።»

ይህን ነው ዛሬም የማልለቀው። ሰው ነበረች፤ ልጅም ይኖራታል። ሰው እየነገራት እንዴት እንደዚያ ትላለች? ጮህኩ። ዘበኛ መጥቶ ክንዴን ያዘ። በዚህ መሐል ሐጂ ከትከሻው ጋቢውን አወረደና ኮሪደሩ ላይ፣ ልክ የኃላፊው በር ፊት፣ አነጠፈው። አስር የሚባለው የከሰዓት በኋላ ሶላት ደርሶ ነበር። መስገድ ጀመረ። ዘበኛው ክንዴን ለቀቀ፤ የሚሰግድ ሽማግሌ ጎትቶ የሚያወጣ ሰው ድሬ ላይ አልተፈጠረም፣ በዚያ ዘመንም ቢሆን። ሐጂ ሰግዶ ጨረሰና እዚያው ዱዓ ላይ ተቀመጠ። አልነሳ አለ።

ኃላፊው ከስብሰባ ሲመጣ በሩ ተዘግቶበት አገኘው። መግቢያ ሲያጣ ያቀበልኩትን ወረቀት ቆሞ አነበበው። ሲያነብ አንገቱ ቀላ።

«ይህን ቃል የሰጠኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ» አለ ሐጂ ከመሬት።

«ትጠየቅበታለህ።»

«እጠየቃለሁ። ልጁ ይውጣ።»

ኃላፊው ወረቀቱን ግድግዳ ላይ አስደግፎ፣ «የስደተኛው ጉዳይ እስኪጣራ መኪናው ላይ እንዳይጫን» ብሎ ጻፈ። ማኅተም አስመታበት። ደግነት አይደለም፤ ጸሐፊው ለስደተኞች ቢሮም ግልባጭ ማድረጉን አይቶ ነው። እዚያ ቢሮ ስንሄድ ሊዘጉ ሲሉ ደረስን። አንዲት ሴት ተቀበለችን፣ አነበበች፣ «ጠዋት ቀበሌው ድረስ እመጣለሁ» አለች። አላመንኳትም። መጣች።

ሐሙስ ጠዋት መኪናው ቀበሌው በር ላይ ቆሟል። ዘማቾቹን ሁለት ሁለት አድርገው አሰልፈዋል፤ ልብስ ሰፊው መጨረሻው አካባቢ ነበር፣ ፊቱ አብጧል። ሊቀመንበሩ ማኅተሙን አየ፣ ሴትዮዋን አየ፣ የቢሮዋን መኪና አየ። «ይውጣ» አለ። እናቱ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ሊቀመንበሩ ቀጥሎ ሐጂን በጣቱ ጠራውና ልጁ ከወጣበት ክፍል አስገባው። በሐሰት ምስክርነት። ለወር ያህል እዚያ ከረመ፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች አንድ ቀን እንኳ ምሳ አላመጡለትም።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ይህን አልጽፍም ነበር።

ሊቀመንበሩ ወደ ጥበቃዎቹ ዞሮ፣ «ቁጥሩ አይጎድልም» አለ። በቃ፣ ይህን ብቻ ነው ያለው። ሁለቱ ወደ መንገዱ ወጡ። እንጨት የጫነች አህያ እየነዳ ወደ ገበያ የሚያልፍ ገበሬ ነበር፤ ወጣት፣ ከሃያ አምስት የማይበልጥ። ያዙት። ምንም አልጠየቁትም፤ ስሙን እንኳ። ተሸክመው መኪናው ላይ ወረወሩት። እሱ ገና አልገባውም፤ በኦሮምኛ «ሐሬ ኮ፣ ሐሬ ኮ» ይላል። አህያዬን ነው የሚለው። ለራሱ ሳይሆን ለአህያው ነበር የሚጮኸው። መኪናው ተነሣ።

ሴትዮዋን፣ «ይሄስ?» አልኳት።

«ወንድሜ፣ እሱ ዜጋ ነው። የእኔ ሥልጣን ስደተኛ ላይ ነው» አለች። ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም። አልፈርድባትም። ግን እስቲ አስቡት፤ ሰው አገሩ ላይ ቆሞ የሚጠይቅለት እንዲያገኝ መጀመሪያ ከአገሩ መባረር አለበት?

ልብስ ሰፊው የስደተኞች ቢሮው መኪና ውስጥ ሊገባ ሲል ክንዴን ያዘ።

«አዴር፣ ያ ሰውዬ በእኔ ቦታ ነው?»

«አንተ አልያዝከውም» አልኩት። «እናትህን ይዘህ ሂድ።»

በረሃው ሰፈር መለሷቸው፤ አሁን ግን ወረቀት ነበረው፣ እናቱም ሐኪም አገኘች።

አህያዋ እዚያው አጥሩ ሥር ቀርታለች፣ ጭነቷ ጎኗ ላይ ተንጋድዶ። ሊቀመንበሩ፣ «ይቺን ከበሬ አንሱልኝ» አለ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። መንገድ ዳር ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት፣ «የመልካ ጀብዱ ሰው ነው። እንጨት እገዛው ነበር። ቤቱን ግን አላውቅም» አለችኝ። አህያዋን ቤቴ ወስጄ እንጨቱን አወረድኩላት፣ ውሃ ሰጠኋት፤ ከዚያ ወደ ከዚራ ተመልሼ ጸሐፊው ፊት ቆምኩ።

«በእኛ ማመልከቻ ሌላ ሰው ወሰዱ» አልኩት።

እጁን ከታይፑ ላይ አነሳ። ነገርኩት።

«ለእሱ የሚጻፍ አለ?» አልኩ።

«ለእሱ ስምምነት የለም፣ ቢሮ የለም» አለ። «ጧሪ የሌላት እናት ካለችው፣ ወይም ሚስትና ልጆች ካሉት፣ ያለ እሱ እንደማይበሉ አድርጌ ልጽፍ እችላለሁ። ዘማቾቹን ማሠልጠኛ ሳይልኳቸው ጥቂት ቀን ያቆዩዋቸዋል። ቤተሰቡን አምጣልኝ።»

«ይሠራል?»

«አላውቅም።»

«ስደተኛ አይደለም እኮ። በነፃ ትጽፋለህ?»

«ቤቱ የት እንደሆነ ሳታውቅ ዋጋ ትጠይቀኛለህ?» አለ ተቆጥቶ። «ሂድ ሰውየው።»

በማግስቱ ዓርብ ጠዋት ጋራዥ አልገባሁም። እንጨቱን አንድ ሳላስቀር መልሼ አህያዋ ላይ ጫንኩ፤ የሰው ንብረት ነው። የመልካ ጀብዱን መንገድ ስንይዝ ገመዷን ለቀቅኩላት። መንገዱን ታውቀው ነበርና ፊት ፊት ሄደች፤ እኔም ለሚስቱ ይሁን ለእናቱ በኦሮምኛ የምለውን እያሰብኩ ከኋላዋ ተከተልኩ።